የአልበሙ ባለቤት ማን ነው? ከ«ኤርታሌ» ወዲህ የሮክ ባንድ ዕጣ በአዲስ አበባ

ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ወሬው ሁሉ ስለ ጊታሩ ነበር። አንዱ ወገን ሮክም በአማርኛ ይዘፈናል ብሎ ደስ አለው፤ ሌላው ይህ የእኛ ጆሮ የለመደው አይደለም ብሎ ፊቱን አዞረ። ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ስለ ኢትዮጵያ ሮክ የሚነሳ ጨዋታ ከዚሁ ከጆሮ ጥያቄ አይወጣም። እኔ ግን አልበሙ ያነሳው ትልቁ ጉዳይ ሌላ ይመስለኛል። «ኤርታሌ» የአንድ ድምፃዊ ሥራ ተብሎ አልወጣም። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከጊታር፣ ከቤዝ፣ ከኪቦርድና ከድራም ተጫዋቾች ጋር በአንድ የወል ስም ሥር ቆመው አልበሙ የባንዱ ነው ተባለ። ለገበያችን ከሚያጓራው ጊታር ይልቅ ባዳ የነበረው ይህ ነው። ሮክ በአዲስ አበባ ሥር ያልሰደደው አድማጭ ጠልቶት አይመስለኝም። ክፍያው፣ ውሉ፣ አልፎ ተርፎ የምንኖርበት ቤት እንኳ ሙዚቃን የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ስለሚያይ ነው። «ኤርታሌ» በተሳካለት ቦታም በደከመበት ቦታም ይህንኑ ያሳያል።

ባንድ በዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ ማመን ያስፈልጋል። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ የሀገር ፍቅር ቴአትር ተጫዋቾች ከማናችንም በፊት ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ የተቋም ባንዶች ናቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፣ ሳክስፎኑና ድራሙ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፣ ስሙም የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ እስከ 1975 በቆየው ሥራው ወርቃማ የምንለው ዘመን በድምፅ ተቀረጸ። ሆኖም አምሃ ሪከርድስ ነጻ ያወጣው ድምፃዊውን ነው። አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ዩኒፎርም ወጥቶ በገዛ ስሙ ኮከብ ሆነ፤ ከኋላው የቆሙት ግን ስማቸው ከዓመታት በኋላ በውጭ አገር የታተሙ ሲዲዎች ማብራሪያ ላይ ተለቃቅሞ እስኪወጣ ድረስ ለአድማጩ አጃቢ ብቻ ሆነው ቀሩ።

ከተቋም ቀጥሎ ባንዱን የያዘው ሆቴል ነው። ራስ ሆቴል ኢቤክስን፣ ሒልተን ዋልያስን አስተናገዱ። ኢቤክስ ከማህሙድ አህመድ ጋር የሠራው «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ ታትሞ አውሮፓን ሲያስገርም ዓለም የያዘው የማህሙድን ስም ነው። የኢቤክስ ሰዎች ሮሃ ባንድ ሆነው በካሴት ዘመን ስፍር ቁጥር የሌለው ሥራ ሠርተዋል፤ በዚያ ዘመን ካሴት የገዛ ሰው የሮሃን እጅ ሳይሰማ አልቀረም። ይሁንና የሮሃን ካሴት ስጡኝ ብሎ ወደ ሙዚቃ ቤት የሚገባ ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚጠየቀው የድምፃዊው ነው። እዚህ ላይ ዋልያስ ተቃራኒ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብኛል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» ድምፃዊ የሌለው፣ በባንዱ ስም የታተመ አልበም ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበት፣ የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» የያዘና ዛሬ ዓለም የሚፈልገው ሸክላ። ነገር ግን ያ አልበም መንገድ አልከፈተም። ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ዳላስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር፤ ሥራዎቹን ዓለም እንደገና የሰማቸውም ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ባንዱ ሲበተን አልበሙን ለማስተዳደር፣ ገንዘቡንም ለመሰብሰብ የሚችል ድርጅት በኋላው አልነበረም።

ከዚያ የካሴቱና የሲዲው ገበያ ሥርዓት ያዘ፤ ዝርዝሩ ብዙ ነገር ይገልጣል። ታንጎ፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ናሆም የመሳሰሉ ሙዚቃ ቤቶች አሳታሚም አከፋፋይም ነበሩ። ድምፃዊው ግጥም ከግጥም ደራሲ፣ ዜማ ከዜማ ደራሲ ይገዛል፣ አቀናባሪውን ይከፍላል፣ ስቱዲዮ ይገባል፤ ሙዚቃ ቤቱም ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይረከበዋል። ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ባንድ የሚባል ባለመብት የለም። ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ብራሱንም መተካት ሲጀምር ደግሞ አቀናባሪው ራሱ ባንድ ሆነ። ይህን እንደ ውድቀት የሚተርኩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ካሴቱ በወጣ ማግስት በሚባዛበት አገር አሥር ሰው ከፍሎ አልበም መሥራት ኪሳራ ነው፤ አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ የገበያው ቀጥተኛ መልስ ነበሩ። ከዚህ ውስጥም ድንቅ ሥራ ወጥቷል። ኤልያስ መልካ ያቀናበራቸውን አልበሞች የሰማ ሰው የአንድ ሰው ጭንቅላት ምን ያህል ሰፊ ባንድ መሆን እንደሚችል ያውቃል። ዘሪቱ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ስትመጣም ለሮክ የቀረበ ጊታርና ለብቻው የቆመ የሴት ድምፅ በአንድ ላይ ይዛ መጣች፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበላት። የአድማጩ ጆሮ ችግር ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ መታየት ነበረበት።

ጃኖ በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንዴት ሊወለድ ቻለ? መልሱ ባንዱን ያሰባሰበው ማናጀር አዲስ ገሠሠ ነው። ከዚጊ ማርሌይ ጋር በማናጀርነት የሠራ፣ የውጭውን የሙዚቃ ንግድ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። ወንድሙ ዘለቀ ገሠሠ የነበረበት የቺካጎው ዳሎል ባንድ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የዚጊ ማርሌይን «ኮንሸስ ፓርቲ» ያጀበ ነው። ስለዚህ ጃኖ ከመንደር ልጆች ጋራዥ አልተነሳም። ባንድን እንደ ንግድ ድርጅት ማሰብ ከሚቻልበት አገር በመጣ ልምድ የተዋቀረ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ደግሞ በ1983 የኸርቢ ሀንኮክን «ፊውቸር ሾክ»፣ በ1986 የሞተርኸድን «ኦርጋዝማትሮን» እና የፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድን አልበም፣ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) በስሟ የተሰየመ አልበም የሠራ ሰው ነው። ከባዱን ሮክም የአማርኛን ዜማም በአንድ እጁ የነካ ሌላ ፕሮዲውሰር መፈለግ ድካም ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሳል። ማናጀር ያሰባሰበው፣ ስመ ጥር የውጭ ፕሮዲውሰር የቀረጸው ባንድ ምኑ ነጻ ነው? ኦልተርኔቲቭ ሮክ የተባለው ነገር በ1980ዎቹ አሜሪካ ሲያድግ ትልልቅ ኩባንያዎችን የሸሸ፣ በትንንሽ አሳታሚዎች የሚወጣ፣ ራሱን በራሱ ያዋቀረ ሙዚቃ ነበር። የሲያትሉ ሰብ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም «ብሊች» የተቀረጸው በ600 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ሚዛን ጃኖ አይመዘንም፤ ልክ ነው። ግን ነጻነት ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ነጻ መሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸሽ ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያ አልነበረም። ሙዚቀኛውን የያዙት ሌሎች ናቸው፦ ዛሬ ለዚህ ነገ ለዚያ ድምፃዊ ማጀብ፣ የሆቴልና የናይት ክለብ የሌሊት ውል፣ የሌላ ሰው ዘፈን እስኪነጋ መጫወት። ከእነዚህ ወጥቶ የራስን ዘፈን በራስ ስም ለማውጣት ወራት የሚፈጅ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ያንን ወራት የሚሸፍን ሰው ከሌለ ባንዱ አይኖርም። ጃኖ ከአሳታሚ ነጻ ለመሆን ሳይሆን ከአጃቢነት ነጻ ለመሆን ደጋፊ አስፈለገው። ድካሙም ከዚሁ ይጀምራል፤ የደጋፊ ገንዘብ የገበያን ቦታ ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ለዘለቄታው አይተካውም።

በዚያው በ2012 ሌላ የባንድ የመጀመሪያ አልበም ወጥቷል፤ ንጽጽሩ ይጠቅማል። ቦስተን ያደገው ደቦ ባንድ፣ በሳክስፎን ተጫዋቹ ዳኒ መኮንን መሪነትና በብሩክ ተስፋዬ ድምፅ፣ በባንዱ ስም የተሰየመውን አልበሙን ያወጣው በሰብ ፖፕ ሥር ባለው ኔክስት አምቢያንስ ነው። የኒርቫና አሳታሚ የአማርኛ ዘፈን አሳተመ ማለት ነው። ደቦ አሥራ አንድ ሰው ይዞ የቆመው የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ድምፅ ለአሜሪካ አድማጭ ይዞ በመቅረብ ነው፤ ያ አድማጭ ደግሞ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር። ጃኖ ተቃራኒውን ሞከረ፤ የውጭውን የዛሬ ድምፅ ለአዲስ አበባ አድማጭ። ደቦን የሚቀበለው የፌስቲቫል፣ የትንንሽ አዳራሽና የነጻ አሳታሚ መረብ ተዘርግቶ ጠብቆታል፤ ጃኖን የጠበቀው ጥቂት ክለብ፣ አንዳንድ ትልቅ አዳራሽና የስፖንሰር ደብዳቤ ነው። ሁለቱን በጥራት ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ግማሹን ሚዛን ደብቆ ነው የሚመዝነው።

አሁን ወደ ጆሮው ክርክር ልግባ፤ ተንቆ የሚታለፍ አይደለምና። ሮክ ከቅኝታችን ጋር አይሄድም የሚለው አስተያየት በከፊል እውነት፣ በአብዛኛው ስንፍና ነው። የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ሲጫወት የሚመላለስባቸው ሁለቱ ባለ አምስት ድምፅ ሚዛኖች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። አንደኛው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ትዝታ ሜጀር ነው። ሁለተኛው በባቲ ስም ከሚጠሩት ቅኝቶች ከአንዱ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ወሎ ያደገ ጆሮ የሮክ ሶሎ ሲሰማ ቤቱ የገባ ያህል ቢሰማው አይገርምም። ችግሩ ሶሎው ላይ ሳይሆን ከሥር የሚመታው ኮርድ ላይ ነው። ድምፁ በዲስቶርሽን ሲሻክር ሦስት ድምፅ ያለው ኮርድ ይተራመሳል፤ ለዚህ ነው የሮክ ጊታሪስት መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ብቻ፣ ዶና ሶልን፣ አጣምሮ የሚመታው። ይህ ለትዝታም ለአምባሰልም ይመቻል፤ ሁለቱም ውስጥ ሶል አለ። አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ግን ሶሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሏል። ጊታሪስቱ በልማዱ ዶና ሶልን ከመታ ቅኝቱን ሰበረው፤ ቅኝቱን ከጠበቀ ደግሞ የሮክን መሠረት ለቀቀ። የኢትዮጵያ ሮክ የሚባል ነገር ራሱን የሚፈትንበት እውነተኛ ቦታ ይህ ነው፤ ለአንቺሆዬ የሚሆን የጊታር አመታት ያገኘ ባንድ በሌላ አገር ያልተሠራ ነገር ሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግኝት ደግሞ ስቱዲዮ ገብቶ በሁለት ቀን አይገኝም፤ አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለወራት ተቀምጦ፣ ተሳስቶና ተከራክሮ ያመጣዋል።

የሻከረ ድምፅ ራሱ ባዕድ ነው ለሚለው አጭር መልስ አለ። በገና አሥሩ አውታሮቹ ሥር ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎች፣ ይገቡለታል፤ ሥራቸው አውታሩ ንጹሕ ድምፅ እንዳይሰጥና እንዲንዘር ማድረግ ነው። ያለ እንዚራ የሚደረደር በገና ለጆሯችን ባዶ ነው። ንዝረቱን አስበውና ፈልገው የሠሩ አባቶች ልጆች የአምፕሊፋየር ንዝረት አይገባቸውም ማለት አያስኬድም። ምቱም ቢሆን እንደዚሁ፤ ስድስት ስምንተኛው ችክችካ ከሮክ ባለ አራት ምት የተለየ ቢሆንም በከባድ ድራም ሲመታ ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የግጥሙ ነው። እኛ ዘፈን የምንሰማው ለቃሉ ነው፤ ድምፃዊው ምን አለ ነው የምንለው፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው የጊታር ጩኸት ግጥሙን ሲውጥበት ይከፋዋል። ይህ እውነት ነው፤ ሮክን ወደን በአማርኛ እንዲሠራ የምንሻ ሰዎችም ልናልፈው አይገባም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሮክ አድማጭ ግማሹን ቃል ሳይሰማ አብሮ መጮህ ይችላል፤ የአማርኛ አድማጭ ቤት መምቻው ካመለጠው ዘፈኑ አመለጠው። ፊደሎቻችንም ጠባይ አላቸው፤ መጥበቅና መላላት ትርጉም ስለሚለውጡ ቃሉን በጩኸት ጎትቶ ማስረዘም አደጋ አለው። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ሮክ አይሆንም የሚል አይደለም። ጊታሩ መቼ ዝም እንደሚል፣ ድምፁ በሚክሲንግ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ የሚያስፈልግ የአሠራር ጉዳይ ነው። ጃኖ «ዳሪኝ» እና «አይራቅ» በመሳሰሉት ሥራዎቹ ወደ ብዙ ሰው የደረሰው ድምፃውያኑን ከፊት አቁሞ ነው። በእኔ ግምት አልበሙ አንዳንዴ ሮክነቱ የላላ መስሎ የሚታየውም ለዚሁ ነው፤ አራት ድምፃዊ ያለው ባንድ ለጊታሩ የሚተወው ቦታ ይጠብበታል። አራት ድምፃዊ መያዝ ባንዱ የድምፃዊ ገበያን የተሻገረበት ድልድይ ነበር፤ ድልድዩ ራሱ ግን ወደ ድምፃዊ ገበያ መልሶ የሚወስድ ነው።

ወሰደም። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከመጀመሪያው ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ ከባንዱ ወጥተው በየግል ስማቸው ሠርተዋል። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ በየመድረኩ የሚከፈለው ለስም ነው፣ ስም ደግሞ የሚሸጠው ሳይካፈል ነው። በዚያው ዓመት ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ»ን አወጣ። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ፣ ድምፁ ከአንድ ሰው የወጣ አልበም አገሩን አጥለቀለቀው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሮፍናን ከዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሮፍናንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ለአዲስ ድምፅ የሕዝቡ ጆሮ ክፍት መሆኑን ከእሱ የተሻለ ምስክር የለኝም። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን በአገር ምት የተቀበለ ትውልድ ሮክን የማይቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው ከነላፕቶፑ የሚከፈለው ክፍያ ለአሥር ሰው ሲካፈል የትራንስፖርት ይሆናል። ለኮንሰርት ዋና ገንዘብ ከነበሩት አንዱ የቢራ ስፖንሰርነት ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ባጠበበው አዋጅ 1112/2011 ተዳክሟል።

የኪሱን ጉዳይ ካነሳሁ የግድግዳውንም ላንሳ። የአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የተባለው ክፍለ ከተማ፣ የወጣት ከተማ ነው፤ ሰሚት፣ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ቦሌ አራብሳ። ለሮክ ባንድ የሚሆን ወጣት ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ይበዛል ቢባል አያጣላም፤ ጊታር በዩቲዩብ የተማረ፣ የውጭ ሙዚቃ በስልኩ የሚሰማ ነው። ግን የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በአራትና ከዚያ በላይ ፎቅ በብሎኬት ግድግዳ ተከፋፍሎ ሦስት ትውልድ የሚያድርበት ሕንፃ ድራም የሚመታበት ቦታ አይደለም፤ ከታች ሕፃን ተኝቷል፣ ከላይ እናት ጸሎት ላይ ናት፣ የጋራ ሕንፃው ማኅበርም ደንብ አለው። የኒርቫና ልጆች «ብሊች»ን በ600 ዶላር ገደማ የቀረጹት ርካሽ ስለነበሩ አይደለም፤ ዘፈኖቹን ጨርሰውና ተለማምደው ስቱዲዮ ስለገቡ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማንም ሰዓት የማይቆጥርበት ክፍል ነበራቸው። እዚህ ያ ክፍል በሰዓት ይከራያል። ቪላ ያለው ዘመድ የሌለው ልጅ መኝታ ክፍሉ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የጊታሩን ድምፅ በሶፍትዌር ያሻክራል፣ ድራሙን በጣቱ ይጽፋል፣ ራሱ ዘፍኖ ራሱ ይጭነዋል። ሥራው መጥፎ ነው አልልም። ግን አንቺሆዬን ከጊታር ጋር የማስታረቁ ዓይነት ሥራ እንዲህ ብቻ አይሠራም፤ ልጁ የሚከራከረው ከራሱ ጋር ነው።

ስለ ለሚ ኩራ የማነሳው ለሐሜት አይደለም፤ መፍትሔው ርካሽ ስለሆነ ነው። ከተማው በየወረዳው የወጣት ማእከላት አሉት፤ አንዳንዶቹ ከቀትር በኋላ ባዶ ናቸው። ድምፅ በተገቢው መንገድ የሚይዝ አንድ ክፍልና ከሰው እጅ የተረፈ ድራም ለአሥር ባንድ ይበቃል። ሚሊኒየም አዳራሽን የሚያህል መድረክ ቦሌ ላይ አለን፤ የጎደለው ወደዚያ መድረክ የሚያደርሰው መካከለኛ ቦታ ነው፤ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ባንዱ የራሱን ዘፈን ብቻ ተጫውቶ የመግቢያውን የሚካፈልበት። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ የሚሞላው ይህን ዓይነት ቦታ ነበር፤ እሱም በመልሶ ማልማቱ ከነበረበት ተነስቷል። ምሥራቁ አዲስ አበባ በየጥጉ የሠርግ አዳራሽ ሲሠራለት ለሙዚቃ ብቻ የቆመ ትንሽ አዳራሽ አላገኘም።

ክፍልና መድረክ ቢገኝ እንኳ የባለቤትነቱ ጥያቄ ይቀራል፤ እዚህ ላይ ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 በጋራ የተሠራን ሥራ የጋራ ባለቤቶች መብት አድርጎ ያውቀዋል፤ የኢኮኖሚ መብቱም ከመጨረሻው የጋራ ደራሲ ሞት በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ድራም የመታው ሰውም እንደ ከዋኝ የራሱ መብት አለው። አዋጅ 872/2007 ደግሞ እነዚህን መብቶች በጋራ ለማስተዳደር በር ከፍቷል። የባንድ ስም በንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 ሊመዘገብ ይችላል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ወረቀቱ ግን ማን ዜማውን እንዳመጣና ማን ድምፅ እንዳሰማ ብቻ እንጂ የጊታሩን ዋና ሐረግ ያገኘው ልጅ ደራሲ ነው ወይስ አጃቢ ብሎ አይፈርድም፤ እሱን የሚወስኑት ባንዱ ራሳቸው ናቸው። ወጣት ባንዶች ይህን ጓደኝነትን የሚያሻክር ጨዋታ አድርገው ይሸሹታል፤ ገንዘብ ሳይመጣ ስለ ገንዘብ መነጋገር ነውር ይመስላቸዋል።

ከኦልተርኔቲቭ ሮክ ታሪክ እንደ ጊታሩ ድምፅ ሁሉ የሚቀዳ ነገር ካለ የአሜሪካው አር.ኢ.ኤም. አሠራር ነው። አራቱ አባላት ዘፈኖቻቸውን ማን ጻፈው ሳይሉ በአራቱም ስም እኩል ያስመዘግቡ ነበር፤ ድራም የሚመታው ቢል ቤሪ ግጥም ከሚጽፈው ማይክል ስታይፕ ጋር እኩል ይካፈላል። ባንዱ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2011 ዘለቀ። ቤሪ በ1997 ሲለቅ የቀሩት ሦስቱ በዚያው ስም 14 ዓመት ቀጠሉ፤ እሱም አብሮ በጻፋቸው ዘፈኖች ላይ ያለውን ድርሻ ይዞ ወደ እርሻው ገባ። ሰሚት ላይ ነገ የሚቋቋም ባንድ ዲስቶርሽን ፔዳል ከመግዛቱ በፊት በአንድ ገጽ አማርኛ ሊጽፈው የሚገባው ይህን ነው፦ ስሙ በማን ይመዘገባል፣ ዘፈኑ ለስንት ይካፈላል፣ ድምፃዊዋ ነገ ብቻዋን ልሥራ ብትል ምን ይዛ ትሄዳለች፣ ድራመሩስ ምን ይዞ ይቀራል።